በቃ ወይስ በቀኝ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ ሴት መርዶ መንገር የምታውቅበት ሰው ነበረች። መጀመሪያ «እየነዳሽ ነው?» አለችኝ። ከምኖርበት ከሊልበርን ወደ ሥራ እየነዳሁ ነበር። «እስቲ ጥግ ያዢና ፓርክ አድርጊ» አለች። አንድ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ቆምኩ። «አቆምሽ?» «አቆምኩ።» «ሞተሩንስ?» «አጠፋሁት፤ ምንድን ነው ነገሩ? ልቤ ወጣ እኮ!» እዚህ ላይ የተዘጋጀችበት ሁሉ ጠፋትና «ጋሽ ደምሴ…» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔም እዚያው መሪውን እንደያዝኩ ደህና አድርጌ አለቀስኩ። ዓይኔን ጠርጌ ልወጣ ኋላ ማርሽ ሳስገባ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ነዳጅ የሚቀዳ አንድ ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። እንባዋ ሳይደርቅ ብቻዋን እየሳቀች ኋላ ኋላ ስለምትሄድ ሴት ምን እንዳሰበ እሱ ያውቃል።

ኋላ ማርሽ ለምን እንዳሳቀኝ ለማስረዳት ከሥሩ መጀመር አለብኝ።

ጋሽ ደምሴን ያወቅኳቸው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ በዲቪ አትላንታ በገባሁ ሰሞን ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት የመኪና ማቆሚያዎች በአንዱ ካሸር ሆኜ ስቀጠር፣ እሳቸው መንገደኛውን ከመኪናው ወደ ተርሚናሉ የሚያመላልሰውን ሚኒባስ ይነዱ ነበር። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ከረባት የማይለያቸው ሰው ናቸው። መሥሪያ ቤቱ የሰጠን ቲሸርት ነበር፤ እሳቸው በቲሸርቱ ላይ ከረባት ያስሩበታል። ማናጀሩ አንድ ቀን «ደምሴ፣ ታይ አያስፈልግም» ቢላቸው፣ «ተሳፋሪ የሚያምነው አንገቱን ያሰረ ሹፌር ነው በይልኝ» አሉኝ። ተረጎምኩለት። ማናጀሩ እስከ ዛሬ የሃይማኖት ጉዳይ ይመስለዋል።

አገር ቤት ሳሉ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። መስመራቸው የጎጃም ነው፤ «ዓባይ በረሃ» ሲሉ ድምፃቸው ይወፍራል። የአትላንታ ሃይዌይ ተጨናንቆ ሰው ሁሉ ሲሳደብ እሳቸው ዘና ብለው «ገደል የለው፣ አህያ አይገባበት፣ ምን ያነጫንጫቸዋል?» ይላሉ። ደግሞ ሰውን ሁሉ አንተና አንቺ የሚሉት ሰውዬ መኪናን አንቱ ይሉ ነበር። ሚኒባሱን ሲያስነሡ «እስቲ ይነሡ»፣ ሲያጠፉት ደግሞ «ይረፉ» ይሉታል። ፕሬዚዳንት ሚኒባሱ ውስጥ ቢሳፈር «ና ግባ» ማለታቸው አይቀርም ነበር።

በጎጃም መስመር አብረዋቸው የሠሩት ረዳት ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። ረዳት ትኬት የሚቆርጥ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ሻንጣ ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ የሚጭነው እሱ ነው፤ ጎማ የሚቀይረው እሱ ነው፤ ከሁሉም በላይ አውቶቡሱ ኋላ ማርሽ ሲሄድ ከበስተኋላ ቆሞ «ና! ና! በግራ ስበር! መልሰው! በቃ!» የሚለው እሱ ነው። ሹፌሩ ከኋላው ገደል ይኑር ሜዳ አያይም። የሚነዳው ረዳቱን ሰምቶ ነው። ጋሽ ወርቁ በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት የተሳሳተች ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም ይባላል፤ ያሉትም ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ዘመኑ ሁለቱን በየፊናቸው በተናቸው። ለዓመታት አልተገናኙም። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ አትላንታ ዳር፣ ታከር የሚባለው ሰፈር ያለው የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ኋላ ማርሽ ሲገቡ፣ ከኋላቸው አንድ ድምፅ «ና! ና! መልሰው! በቃ!» አለ። ጋሽ ደምሴ ዞር ብለው አላዩም። ፍሬን ያዙና መሪው ላይ ተደፉ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወርደው፣ መኪናው መንገዱን እንደዘጋ፣ ሁለቱ ሽማግሎች ተቃቅፈው ሲላቀሱ የታከር ግማሽ ቆሞ ጠበቃቸው።

አብረው ምን እንሥራ አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ሱቅ ይከፍታል። እነሱ ግን አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር ከምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ አልጋም ምድጃም ሽንት ቤትም ውስጡ ያለው፣ ፈረንጆቹ አርቪ የሚሉትን ትልቅ መኪና ተካፍለው ገዙ። መጋረጃዋ ላይ ዳክዬ የተሳለባት፣ ጎኗ ቡናማ መስመር ያለባት አሮጌ ናት። ጋሽ ደምሴ «እቴጌ» ብለው ሰየሟት፤ በአንቱታ ማለት ነው፣ «እቴጌ ዘይት ጠጡ ወይ?» እየተባለ። ፈረንጅ በዚህ ነገር ጫካና ሐይቅ እየሄደ ካምፕ ያደርጋል ሲባል፣ እነሱም ከከተማው በስተሰሜን ያለውን ትልቁን ሐይቅ መረጡ።

የጋሽ ደምሴ ባለቤት ወይዘሮ ጽጌ ግን እግሬን አላነሣም አሉ።

«ካምፕ?» አሉ። «ሱዳን ካምፕ ውስጥ ሆኜ አውጣኝ አውጣኝ እያልኩ ፈጣሪን ሳደክም የኖርኩ ሰው፣ አሁን ከወጣሁ በኋላ ቤቴን ቆልፌ ተመልሼ ካምፕ? እናንተ ሂዱ። ራሽን ሲታደል ለእኔም ያዙልኝ።»

ቢሆንም ወጡን በትልቅ ድስት እየሠሩ ይልኩ ነበር። ካምፕ ውስጥ የሚበላውን ያውቁታላ።

የጋሽ ደምሴ አርቪ እንደ ሰው አርቪ በሰዓቱ ተነሥቶ የሚሄድ አልነበረም። ሳይሞላ አይወጣም። ቅዳሜ ጠዋት ታከር ሱቁ በር ላይ ይቆማሉ፤ ጋሽ ደምሴ ከረባታቸውን አስረው መሪያቸው ላይ ይሰየማሉ፤ ጋሽ ወርቁ በሩን ይዘው «ሐይቅ! ሐይቅ! ሐይቅ! አንድ ሰው የቀረው!» ይጣራሉ። የቀረው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ውስጡ ባዶ ሆኖም አንድ ሰው ነው። አንዲት እናት ወሎ ያለው ሐይቅ መስሏቸው «ባሕሩንስ በምን ተሻግሮ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ቀን ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነው የሄድኩት። «ግቢ፣ ሞልቷል፣ ልንንቀሳቀስ ነው» አሉኝ፤ ገባሁ፤ በማግስቱ ዳቦዬን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ጉድ። ፈረንጆቹ በየዛፉ ሥር አርቪያቸውን አቁመው፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ውሃውን ዝም ብለው ማየት ነው የሚወዱት። ጋሽ ደምሴ ጠዋት ከረባታቸውን አስረው በየአርቪው ይዞራሉ። «ጉድ ሞርኒንግ! ሃው ኢዝ ፋሚሊ? ሃው ኢዝ ዩር ማዘር?» አንድ ጂም የሚባል፣ ፂሙ ደረቱን የሸፈነ ጡረተኛ፣ እናቴ እኮ ሞታለች ብሎ መለሰላቸው። መቼ እንደሞተች የጠየቀው የለም። ጋሽ ደምሴ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኛም በምልክት ተጠራንና ነጠላችንን ዘቅዝቀን፣ ወጡን ይዘን፣ ጂምን ከበን አንገታችንን ደፋን። ሰውዬው ግራ ተጋብቶ ወዲያ ወዲህ አየ። ቆይቶ ግን ስለ እናቱ ማውራት ጀመረ፤ የምትጋግረውን ኬክ፣ የምትቆጣውን ቁጣ። በመጨረሻ እንባው ፂሙ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጂም የእኛ ሰው ሆነ፤ ወይዘሮ ጽጌ የላኩትን ወጥ በማንኪያ እየበላ አፍንጫውን ይጠርጋል፣ ይጨምራል።

እንዲህ ስንል ነው ያ ቅዳሜ የመጣው።

ያን ቀን ያገኘነው ቦታ ውሃው ጥግ ድረስ የሚወርድ፣ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ፣ ኋላ ማርሽ ካልሆነ የማይገባበት ነው። ጋሽ ደምሴ «እቴጌ፣ እስቲ ወደ ኋላ» አሉና ጀመሩ። ጋሽ ወርቁ ከኋላ ቆመው «ና! ና! ና!» ይላሉ። እኔ ከሹፌሩ ጎን ነበርኩ። ጋሽ ወርቁ አንድ ነገር ጮኹ። ጋሽ ደምሴ መሪውን በቀኝ ሰበሩ። ጋሽ ወርቁ ደግመው ጮኹ፤ ጋሽ ደምሴ ይበልጥ ሰበሩ። እቴጌ ቀስ ብላ፣ ክብሯን እንደጠበቀች፣ እስከ ወገቧ ሐይቁ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። የኋላው በር ተከፈተና ትራሶቹ አንድ በአንድ ወጥተው መንሳፈፍ ያዙ። የወጡ ድስት ክዳኑ እንደተገጠመ ተከትሎ ወጣ። መጋረጃው ላይ ያሉት ዳክዬዎች ከእውነተኞቹ ጋር ተያዩ።

ጂምና ሌሎቹ ፈረንጆች ፒክ አፕና ገመድ ይዘው ደረሱልን፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ጎትተው አወጡን። የፓርኩ ጠባቂ መጣና ምን ተፈጠረ አለ። ሁለቱም በአንድ አፍ መናገር ጀመሩ።

«በቃ! አልኩት!» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«በቀኝ! አለኝ!» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ጠባቂው ወደ እኔ ዞረ። አንደኛው ቃል ቁም ማለት እንደሆነ፣ ሌላኛው ደግሞ ወደ ቀኝ ማለት እንደሆነ አስረዳሁት። ጠባቂው ጥቂት አሰበና ሁለቱ ቃላት ይመሳሰላሉ ማለት ነው? ብሎ ጠየቀ።

«ኖ!» አሉ ሁለቱም ባንድ ላይ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው፤ ሰው አልተጎዳ፣ መኪናዋም ደርቃ ተነሥታለች። ለእነሱ ግን እንደዚያ አልነበረም። ረዳት ቃሉን ከተሳሳተ ምን ቀረው? ሹፌርስ ረዳቱን ካልሰማ ምኑን ሹፌር ሆነ? አንዱ እውነተኛ ሲሆን የሌላው ዕድሜ ልክ ሥራ ገደል ይገባል። ስለዚህ ተኳረፉ። ኩርፊያው ደግሞ እንደዋዛ አልነበረም፤ ሠርግ ላይ አንዱ በገባበት በር ሌላው አይገባም። እኛ አትላንታ ያለን ሐበሾች ለመከፋፈል ምክንያት አጥተን አናውቅም፤ ይሄኛው ግን ቢያንስ አዲስ ነበር። «አንቺ ከበቃ ነሽ ከበቀኝ?» መባባል ተጀመረ። ታከር ያለው ሱቅ በቃ ሆነ፤ ፊት ለፊቱ ያለው ፀጉር ቤት በቀኝ። እኔ በዓይን ምስክርነት በየቤቱ ተጠራሁ። ያን ሰዓት ቆሎ እየቆረጠምኩ ስለነበር ከራሴ ጥርስ በቀር የሰማሁት ነገር የለም። ይህንን ስል ሁለቱም ወገኖች ተሸጥሻለሽ አሉኝ።

ሽማግሌ ተላከ። ጋሽ ወርቁ «ታከር ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ በቃ ስለው ሰምቶ የለም? እንዴት ነው ሐይቅ ዳር ሲሆን ጆሮው የሚደፈን?» አሉ። ጋሽ ደምሴ «ጆሮዬ ደህና ነው፤ ምላሱን ያሳየኝ» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የተማሩ ሰው ናቸው፣ ሲያስቡ ከርመው መፍትሔ ይዘው መጡ። ጋሽ ወርቁ ያሉት በቃም በቀኝም አይደለም፤ «በቃኝ» ነው፤ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለበት፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አሉ። ጋሽ ወርቁ «ምን ጠግቤ ነው በቃኝ የምለው?» ብለው ተነሥተው ወጡ። ጋሽ ደምሴ በሌላው በር ወጡ። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን በልተው ተበተኑ።

ጋሽ ደምሴ ያኔ ነው የማሉት። ያለ ረዳት ኋላ ማርሽ አላስገባም፤ ሌላ ረዳት ደግሞ አልይዝም አሉ። ቀልድ መስሎን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኚህ ሰው በሕይወታቸው ወደ ፊት ብቻ ሄዱ። ገበያ ሲሄዱ ከሰው ሁሉ ርቀው፣ ፊት ለፊት መውጣት የሚቻልበት ጥግ ያቆማሉ፤ ከዚያ በእግራቸው ይመለሳሉ። መታጠፊያ ካመለጣቸው ወደ ኋላ አንድ ሜትር አይሉም፤ ሰፈሩን ዞረው ይመጣሉ። ቤታቸው ግቢ ገብቶ ለመውጣት ኋላ ማርሽ ግድ ስለሆነ፣ አንድ እሑድ አጥሩን አፍርሰው በጓሮ በኩል መውጫ ሠሩ። መውጫው የሚያልፈው በወይዘሮ ጽጌ ጎመን መካከል ነው። «ሁለት ሰው ተጣላ፤ የእኔ ጎመን ምን አደረገ?» ይሉ ነበር ወይዘሮ ጽጌ፣ የተረፈውን እየለቀሙ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሐይቁ ነው። ውሃው ዳር ያሉት ቦታዎች በሙሉ ኋላ ማርሽ የሚጠይቁ ናቸው። ባንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣባቸው ቦታዎች ደግሞ ያሉት ከላይ፣ አርቪዎች የሽንት ቤታቸውን ቆሻሻ የሚደፉበት አጠገብ ነው። ጋሽ ደምሴ እዚያ ሰፈሩ። ከረባታቸውን አስረው፣ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ሰው ቱቦ ሲያራግፍ እያዩ ይውላሉ። «ነፋሱ እንዴት ነው?» ስላቸው «እንደ አመጣጡ ነው» ይሉኛል፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው።

ጋሽ ወርቁም አልቀሩም። ልጃቸው ሔለን በመኪናዋ ታመጣቸውና ውሃው ዳር ትንሽ ድንኳን ይተክላሉ። አንደኛው ከላይ፣ አንደኛው ከታች፤ መካከላቸው ዛፍ ብቻ። እኔ ስወጣ ስወርድ እውላለሁ። «ያ ሰውዬ ዛሬም ከረባት አስሯል?» ይሉኛል ጋሽ ወርቁ። «ያ ሰውዬ በልቷል?» ይሉኛል ጋሽ ደምሴ፣ እና መልሴን ሳይጠብቁ በሳህን ወጥ ያወጣሉ። «ጽጌ ናት የላከችው በይ። እኔ የለሁበትም።» ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ ገልብጠው ያዩታል። ጠርገው እንደበሉት ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል፤ ይህንን አየሁ ብል ግን አይምሩኝም ነበር።

አንድ ክረምት ሔለን ሚኒሶታ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አገኘችና አባቷን ይዛ ልትሄድ ሆነ። ለጋሽ ደምሴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሻንጣ የያዙ ተሳፋሪዎች ጭነው ከምሠራበት የካሸር ዳስ አጠገብ ሲያልፉ። «ጋሽ ወርቁ ሊሄዱ ነው፤ ሚኒሶታ።» «ጥሩ ነው» አሉ። «ብርድ ነው አሉ፤ ሐይቁ ሁሉ በረዶ ይሆናል።» «ጥሩ ነው» አሉ ደግመው፣ እና ነዱ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ተርሚናሉ ጋ ሳያቆሙ አለፉ። ተሳፋሪው ጮኸ፤ ዞረው መጡ፤ ደግመው አለፉ። ዓባይ በረሃ ላይ መታጠፊያ ያልሳቱ ሰውዬ! እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ተኳርፈው እንደተለያዩ ሊቀሩ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ከተለያዩ መቼ ይገናኛሉ?

ጋሽ ወርቁ ከመሄዳቸው በፊት ሐይቁን ልሰናበት አሉ። የሦስት ቀን ዊክኤንድ ነበር፤ ሐበሻውም ሊሸኛቸው ወጣ። ጋሽ ደምሴም «እቴጌ አየር ይፈልጋሉ» ብለው ተነሡ፤ ወይዘሮ ጽጌ እንኳን ያን ቀን «ካምፑን ልየው» ብለው ተሳፈሩ። ፓርኩ በር ላይ ስንደርስ ከላይ ያሉት ቦታዎች ሁሉ ተይዘዋል። የቀረው አንድ ነው አለን ጠባቂው፤ ውሃው ዳር። ስንሄድ ያው ዘቅዛቃ ቦታ ሆኖ ተገኘ። ከጎኑ የጋሽ ወርቁ ድንኳን፣ ድንኳኑ በር ላይ ጋሽ ወርቁ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው።

ጋሽ ደምሴ አቆሙ። ከኋላችን ሌሎች አርቪዎች ተሰልፈዋል፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ማለፍ አይቻልም። ፈረንጅ ጨዋ ነው፣ ክላክስ አይነፋም፤ ግን ከየመኪናው አንገት መውጣት ጀመረ። ጂም ሮጦ መጣና «አይ ጋት ዩ፣ ደምሴ!» ብሎ ከኋላ ሊቆም ሞከረ። ጋሽ ደምሴ በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙ፤ «ኖ፣ ጂም።» እኔ ልውረድ ብላቸው «አንቺ ረዳት ነሽ?» አሉኝ። ወይዘሮ ጽጌ ከኋላ «በፈጠረህ፣ ወይ ግባ ወይ ወደ ቤቴ መልሰኝ!» አሉ። ጋሽ ደምሴ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ስፖኪዮውን ያያሉ። ላብ ከረባታቸው ውስጥ ገባ። እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም።

ጋሽ ወርቁ ከድንኳኑ በር ተነሡ። ወደ እኛ አላዩም። ሱሪያቸውን አራግፈው፣ ቀስ ብለው ዞረው፣ ከአርቪው ኋላ ሄዱ። ከዚያ የመኪናዋን አካል በመዳፋቸው ጓ! ጓ! አድርገው መቷት፤ ረዳት ሹፌሩን ተንቀሳቀስ የሚለው እንዲያ ነው።

«ና!» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ኋላ ማርሽ አስገቡ። ማርሹ ሲንቋቋ ሰማሁት፤ ስንት ዘመኑ!

«ና! ና! በግራ ስበር! መልሰው! ና! ና!»

ያን ቀን ሐይቁ ዳር የነበርን ሐበሾች በሙሉ ትንፋሻችንን ያዝን። ምክንያቱም ማቆሚያው ቀርቧል፣ ጋሽ ወርቁ ደግሞ አንድ ቃል ማለት አለባቸው። የሚሉት ቃል ግማሻችንን አሸናፊ፣ ግማሻችንን ተሸናፊ ያደርጋል። ጥብስ የሚገለብጡት እንኳ እጃቸውን አንሥተው ቆሙ። ጎማው ወደ ውሃው ተጠጋ። ጋሽ ወርቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ፤ ደግመው ከፈቱ።

«ስቶፕ!» አሉ።

እቴጌ ቆመች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ጂም ሳይገባው አጨበጨበ። ጋሽ ደምሴ በሩን ከፍተው ወረዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ጋሽ ደምሴ ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወርቁ፣ ያን ቀን በቃ ነው ያልከው። ሰምቼሃለሁ። እግሬ ነው ፍሬኑ ላይ የዘገየብኝ።»

ጋሽ ወርቁ ደነገጡ። ዞር ዞር ብለው ሰዉን አዩ። ሹፌር በዚያ ዕድሜው እግሬ ዘገየ ብሎ ሰው ፊት መናገሩ ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

«ውሸትህን ነው!» አሉ ጮክ ብለው። «በቀኝ ነው ያልኩህ! ምላሴ ነው የተሳሳተው!»

«አላልክም! በቃ ነው ያልከው፣ በዚህ ጆሮዬ!»

«የምን ጆሮ! የተናገርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? በቀኝ!»

«በቃ!»

«በቀኝ አልኩህ እኮ! እግርህ ምንም አልሆነም! ሁለተኛ ሰው ፊት እግሬ እንዳትል!»

«ልክ ሆነህ ሳለ ምን አድርጌህ ነው የምትዋሽብኝ?»

ድምፃቸው ሐይቁን ተሻግሮ ተሰማ። የበቃ ሰዎችና የበቀኝ ሰዎች ማን የማን እንደሆነ ጠፍቶን እርስ በርስ ተያየን። ወይዘሮ ጽጌ ድስታቸውን ይዘው ወርደው «እንኳን እስከ ዛሬ ከካምፕ ቀረሁ!» አሉ። ጋሽ ደምሴ የጋሽ ወርቁን ኮት በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል፤ ጋሽ ወርቁ የእሳቸውን ከረባት። ሁለቱም እንባቸው ይወርዳል፤ ሁለቱም ይጮኻሉ፤ አንዳቸውም አይለቁም።

ሔለን ከመኪናዋ እየሮጠች፣ ቁልፏን በእጇ እንደያዘች መጣች።

«ኦ ማይ ጋድ! ዳዲ! እንደገና ተጣሉ?»

«አይ» አልኳት። «አሁን ገና ታረቁ።»